የኔታ በሌሉበት ዕለት

የአገራችንን የትምህርት ታሪክ ያጠኑ ሊቃውንት ስለ ቅኔና ስለ ዜማ ቤቶች፣ ስለ መጻሕፍት ጉባኤያት፣ ከዚያም ወዲህ ስለ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች መከፈት ብዙ ደክመው ብዙ ነገር አቆይተውልናል፤ ዳሩ ግን መምህሩ በሕመም ተይዞ፣ ወይም ለተዝካር ተጠርቶ፣ ወይም ለክርክር ወደ ዳኛ ፊት ሄዶ ወንበሩ ባዶውን በዋለበት ዕለት በእርሱ ፈንታ ስለ ተቀመጠው ሰው፣ ይልቁንም ሕፃናቱ በዚያ ዕለት ለዚያ ሰው ስለ ተናገሩት ቃል፣ ከቡና ላይ ጨዋታ አልፎ በጽሑፍ የቆየን ነገር ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ንግግር ሲሰሙት የሚያሥቅ ስለ ሆነ ሰው ሁሉ ይሥቅበትና ይረሳዋል። እኔ ግን ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው፣ ሕፃን ለተተኪ መምህር የሚናገረው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከድፍረት ወይም ከተንኮል ሳይሆን በአንድ በኩል ለቀረው መምህሩ ካለው ታማኝነት፣ በሌላ በኩልም ለመጣው እንግዳ ከሚሰማው ኀላፊነት የሚመነጭ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ በዚያ ዕለት የቤቱን ሥርዓት የሚያውቀው ተማሪው፣ የማያውቀውም መምህሩ ነውና፣ ሕፃኑ እንደ ባለቤት እንግዳውን ይቀበላል፣ ያስተናግዳል፣ ሲሳሳትም ያርመዋል።

የነገሩ መነሻ የቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ አስቀድሞ፣ ከተከፈተም በኋላ ለብዙ ዘመን፣ የክርስቲያኑ አገር ሕፃን ፊደል ይቈጥር የነበረው ከደጀ ሰላሙ አጠገብ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ወይም በየኔታ ጎጆ በራፍ ላይ ነበር። የኔታ ከመደቡ ላይ ይቀመጣሉ፤ ልጆቹ ከመሬት ላይ ዙሪያቸውን ይከባሉ፤ እያንዳንዱም ፊደሉን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በስንደዶ እየነካ፣ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ሰባት ዘራቸው 231 አድርጎ፣ ጎረቤቱ የሚለውን ሳይሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቈጥራል። መልኩን ሳያውቅ በቃሉ ብቻ እንዳይዘው ደግሞ ወደ ጎንና ወደ ታች ያስቈጥሩታል፣ አቡጊዳውንም ያስከትሉለታል። ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ፣ ከዚያ ወንጌለ ዮሐንስ፣ ከዚያም መዝሙረ ዳዊት ይቀጥላል፤ በእያንዳንዱም መጽሐፍ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እያለፈ ዳዊት የደገመ ልጅ ለወላጆቹ ኩራት፣ ለየኔታም የምስጋና ድግስ ምክንያት ይሆናል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የኔታ ብቻቸውን አያስተምሩም ነበር። ዳዊት የደረሰው ወንጌል ለሚያነበው፣ ወንጌል የሚያነበው አቡጊዳ ለሚቈጥረው፣ አቡጊዳ የጨረሰውም ትናንት እናቱ እጁን ይዛ ላመጣችው ብላቴና ያሳያል፤ ስለዚህ የኔታ ለተዝካር፣ ለለቅሶ ወይም ለደብር ጉዳይ ሲወጡ ተተኪ ፍለጋ የሚሄድ ሰው የለም፤ ከልጆቹ መካከል በዕድሜና በትምህርት ከፍ ያለውን ጠርተው «እስክመለስ ተመልከታቸው» ማለት ይበቃል። አንድ መምህር ብቻውን ደመወዝ ሳይቈረጥለትና ረዳት ሳይቀጠርለት በአንድ ዐፀድ ብዙ ተማሪ ይዞ ለመኖር የቻለው በዚህ ዘዴ ነው፤ አባቶቻችን ይህን ያህል ዘመን ያለ ማሠልጠኛ ቤት መምህራንን ሲያፈሩ የኖሩትም፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ልጁ ገና በልጅነቱ የሌላውን ልጅ ፊደል ማረም ስለሚለምድ ነው።

እንግዲህ ያ ትልቅ ተማሪ ከየኔታ መደብ ላይ ሲወጣ ለታናናሾቹ ብርቱ የሆነ የሥርዓት ጥያቄ ይነሣባቸዋል። እስከ ዛሬ ጧት ድረስ አብሯቸው ውኃ የቀዳ፣ እንጨት የለቀመ፣ በጨዋታም «አንተ» ተብሎ የተጠራ ልጅ አሁን ምን ተብሎ ይጠራ? ከቤተ ክህነት ሰዎች የሰማሁት አንድ ጨዋታ ይህን ጥያቄ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እንዴት አድርጎ እንደ ፈታው ይናገራል። ተተኪው ተማሪ በመደቡ ላይ ተቀምጦ ሳለ ልጁ «እርስዎ» እያለ በትሕትና ይመልስለት ነበር፤ ተተኪው ውኃ ሊጠጣ በወረደ ጊዜ ግን ያው ልጅ «አንተ፣ ለእኔም አቀብለኝ» አለው። ትልቁ ተማሪ ቢቆጣው ልጁ ሳይደነግጥ «እላይ ሲቀመጡ የኔታ ነዎት፤ ሲወርዱ ግን አንተ ነህ» ብሎ መለሰለት። የሥልጣንን ምሥጢር ከዚህ በጠራ ቃል የገለጠ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ልጁ ክብሩን የሰጠው ለመደቡ ነበርና፣ የኔታ ሲመለሱ ከመደባቸው ላይ የጎደለ ክብር እንዳያገኙ ሳያውቀው ይጠብቅላቸው ነበር።

ፊደሉ ራሱም ለዚህ ዓይነቱ ንግግር በር የከፈተ ነው። ድምፃቸው የሚመሳሰሉትን ፊደላት ለመለየት መምህራኑ ስም አውጥተውላቸዋልና፣ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እየተባለ ይቈጠራል። ሕፃን ለየኔታ የማይጠይቀውን ለተተኪው ይጠይቃል፤ የኔታ ፊት መጠየቅ ያስፈራል፣ ተተኪው ፊት ግን ፍርሃቱ ይቀልላል። አንዲት ዳዊት ለመማር የተላከች ባላገር ልጅ ታላቅ ወንድሟ በየኔታ ፈንታ በተቀመጠበት ዕለት «ንጉሡ ሠ ይኸው፤ ንግሥቲቱስ የቷ ናት?» ብላ ጠየቀችው ይባላል። ወንድሟ ፊደሉን ከላይ እስከ ታች ቢመለከት ንግሥት አጣ፤ ኋላም «ጓዳ ናት» ብሎ ገላገላት። ልጅቱም «እንግዲያስ ስትወጣ አሳየኝ» ብላ ቈጠራዋን ቀጠለች። ጥያቄዋ እንዲሁ ለጨዋታ የተነሣ አይደለም፤ ንጉሥ ያለ ንግሥት፣ ቤት ያለ እመቤት እንደማይቆም የምታውቅ ልጅ በፊደሉም ውስጥ ያንኑ ሥርዓት ፈለገች።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የዚያን ዘመን የትምህርት ኑሮ በግልጥ የሚያሳየን ግን የተገለበጠው መጽሐፍ ነገር ነው። የብራና መጽሐፍ ዋጋው ውድ፣ ቍጥሩም ጥቂት ነበርና፣ አራትና አምስት ልጆች በአንድ ዳዊት ዙሪያ ተቀምጠው ይማሩ ነበር። ከመምህሩ በኩል የተቀመጠው ቀና አድርጎ ሲያይ፣ ከፊት ለፊት ያለው ፊደሉን ዘቅዝቆ፣ ከግራና ከቀኝ ያሉትም አግድም እያዩ ያነባሉ፤ እያንዳንዱም ከተቀመጠበት አቅጣጫ ያየውን መልክ ለመደው። የኔታ ይህን ስለሚያውቁ ልጁን ከቦታው ሳያናውጡ ያስነብቡታል፤ ተተኪው ግን ሁልጊዜ የሚያውቀው አይደለም። እንዲህ ያለ አንድ ተተኪ አንድን ልጅ ለብቻው ጠርቶ መጽሐፉን ቀና አድርጎ ቢሰጠው ልጁ ዝም አለ። «ትናንት እንደ ውኃ ታወርደው አልነበረም ወይ?» ቢለው፣ ልጁ መጽሐፉን ቀስ ብሎ አዙሮ፣ ዘቅዝቆ፣ ጥርት አድርጎ አነበበና፣ ሲጨርስ «የእኔ ወገን በዚህ በኩል ነው፤ የዚያኛው ወገን የወንድሜ ነው» አለ። የሰማው ሁሉ ይሥቃል፤ ነገር ግን በዚያ አነስተኛ ቃል ውስጥ የብራናው ውድነት፣ የድሀው ዐፀድ ጥበት፣ የልጆቹም በፍቅር ተካፍሎ መማር ሁሉ ተጽፎ ይገኛል። ልጁ ንባብ እንደ ርስት የሚካፈሉት መስሎት፣ ድርሻውን ጠብቆ የወንድሙን ድርሻ ሳይነካ ኖረ።

የኔታ ሲመለሱ ደግሞ የቀኑን ውሎ መናገር የልጆቹ ተግባር ነው። በዚያ ዘመን አለንጋ ከፊደል የማይለይ የትምህርት ዕቃ ሆኖ ይታይ ነበርና፣ አንዲት ሕፃን «ደኅና አስተማረን፤ መግረፉን ግን ረሳው» ብላ በተተኪው ላይ መሰከረች ሲባል ሰምቻለሁ። ሕፃኒቱ መገረፍ ናፍቋት አይደለም፤ ሥራው ሙሉ ሆኖ አለመሠራቱን በቅን ልብ ማስታወቋ ነው። አለንጋው ከትምህርት ቤት እንዲወጣ ለዓመታት ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ እኔ ከክርክሩ ሁሉ ይልቅ የዚህች ሕፃን ምስክርነት ልቤን ይነካዋል፤ በትርን ከትምህርት ለይታ ማየት እስከማትችል ድረስ ማን አስለመዳት ያሰኛልና።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ የተተኪው ነገር መልኩ ተለወጠ። በ1901 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤታቸውን በአዲስ አበባ ሲከፍቱ፣ ትምህርቱ ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዳይርቅ ተብሎ መምህራኑ ከግብጽ ቅብጦች እንዲመጡ ሆነ፤ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣልያንኛና ዐረብኛም ይሰጥ ጀመር። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ። በእነዚህ ቤቶች መምህር የሚሆነው ሰው ከባሕር ማዶ በውል የመጣ ነበርና፣ አንዱ ቢታመም ታናሹን የሚያስተምረው ከአጠገቡ ያለው ታላቅ ተማሪ እንደ ቀድሞው በቀላሉ አይተካውም፤ ቋንቋውን ገና ራሱ እየተማረ ነውና። ከዚያ የፋሺስት ወረራ መጣ፤ ጥቂቶቹ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ በውጭ አገር ሳይቀር ተምረው ከተመለሱት ወጣቶች ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በግፍ ተገደሉ። ይህን ጉዳት በቍጥር ብቻ የሚመዝን ሰው አይመዝነውም፤ በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ሕፃናቱ ነበሩ፣ ቤቶቹም በጥገና ቆሙ፣ የጠፋው መምህሩ ነበር።

ስለዚህ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ያሉት ዓመታት በአንድ አነጋገር የተተኪዎች ዘመን ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጠላት በፊት ጥቂት ክፍል የተማረ፣ በስደት ቋንቋ የለመደ፣ ወይም ከቤተ ክህነት ወጥቶ ሒሳብ የቀመሰ ሁሉ ጠመኔ ይዞ ከሰሌዳው ፊት ቆመ። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመምህራን ማሠልጠኛ ተጀመረ፤ ከዚያም ሥልጠናው ወደ ሐረርና ወደ ደብረ ብርሃን ተስፋፋ፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ከመምህሩ ቀድሞ ይሮጥ ስለ ነበር ጕድለቱ አልሞላም። በዚህ ዘመን ደወል፣ የስም መጥሪያ መዝገብና የክፍል አለቃ የሚባሉ ሦስት አዳዲስ ነገሮች በሕፃናቱ ኑሮ ውስጥ ገቡ። የክፍል አለቃው መምህሩ በሌለበት ሰዓት የረባሾችን ስም በወረቀት ላይ የሚጽፍ፣ ራሱም በሕፃናት መካከል የተሾመ ተተኪ ነው። የቀድሞው ዐፀድ ትልቁን ተማሪ ማስተማር ሰጥቶት ነበር፤ አዲሱ ክፍል ግን መጠበቅን ብቻ ሰጠው፤ ይህም በእኔ አስተያየት የሚያስቈጭ ለውጥ ነው።

በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ወደ 300 የሚጠጉ አሜሪካውያን የሰላም ጓዶች መጥተው አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሠማሩ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት አንድ ዓመት አገራቸውን እንዲያገለግሉ ተደርጎ፣ አብዛኞቹ በክፍለ ሀገር መምህራን ሆኑ። እነዚህ ወጣቶች ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚመጡ ስለ ነበሩ ለልጆቹ ሁሉም ተተኪዎች ነበሩ፤ በመጡ በማግሥቱ «መቼ ይሄዳሉ?» ተብለው ይጠየቃሉ፤ ይህም እንዲሄዱ ተፈልጎ አይደለም። ከየመንደሩ ለሚመጣ ልጅ ሰው ከዘመዱ ተለይቶ ብቻውን መኖሩ ትልቅ መከራ ሆኖ ስለሚታየው፣ ምግብ ማን እንደሚሠራላቸው፣ እናታቸው ታለቅስ እንደ ሆነ፣ በሌሊት ብቻቸውን ሲተኙ ይፈሩ እንደ ሆነ በጥንቃቄ ይጠይቃቸዋል።

እኔም በዚያ አገልግሎት ከወጡት አንዱ ነበርሁና፣ አንዲት ትንሽ የክፍለ ሀገር ከተማ ደርሶኝ፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሳስተምር፣ የሦስተኛ ክፍል መምህር የነበሩት አዛውንት በወባ ታመው ስለ ተኙ ክፍላቸውን ደርቤ እንድይዝ ታዘዝሁ። የመጀመሪያው ሥራዬ ስም መጥራት ነበር። ከመዝገቡ አንድ ስም ብጠራ መልስ ጠፋ፤ ሁለተኛ ብጠራ ከኋላ አግዳሚ አንድ ልጅ ተነሥቶ «የለም፤ ነገር ግን ነገ እመጣለሁ ብሏል፤ ስለዚህ አለ ብለው ይጻፉት» አለኝ። ነገሩ አይሆንም ብዬ ባስረዳው፣ «የእኛ መምህር ቃል የሰጠ ሰው እንደ መጣ ይቈጠራል ብለውናል» አለ። አዛውንቱ ስለ ቃል ኪዳን ያስተማሩትን ትምህርት ልጁ እስከ መዝገቡ ድረስ አደረሰው።

ሁለተኛው ነገር ቁጣዬን የሚመለከት ነበር። ክፍሉ ስለ ተንጫጫብኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ብናገር ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ እንጂ ዝም አይሉም። በመጨረሻ ከፊት የተቀመጠች ትንሽ ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ መምህራችን ሲቆጡ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ እርስዎ መነጽር የለዎትም፤ መቆጣትዎን በምን እንወቅ?» አለችኝ። ጥያቄው ፍጹም ቅንነት ያለበት ስለ ነበር፣ ስቆጣ ጠመኔውን ከጠረጴዛው ላይ እንደማስቀምጥ ተስማማን። ከዚያ ወዲያ ጠመኔው ጠረጴዛውን ገና ሳይነካ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር፤ እንዲያውም ልረፍ ብዬ ባስቀምጠው እንኳ ያችው ልጅ «ምን አጠፋን?» ትለኛለች።

የክፍሉ አለቃ ዝምተኛና ጥንቁቅ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ለጥቂት ጊዜ ወጥቼ ስመለስ ልጆቹ ስለ አንድ በመስኮት ስለ ገባ ዶሮ ሲሥቁ አገኘኋቸው፤ ዶሮው ከመምህሩ ወንበር ላይ ወጥቶ ቆሞ ስለ ነበር እኔም ራሴን መግታት አቅቶኝ አብሬ ሣቅሁ። አለቃው በትምህርቱ መጨረሻ የረባሾችን ስም በእርሳስ ጽፎ ሲሰጠኝ፣ ከስድስት ልጆች ስም በታች «አዲሱ መምህር» የሚል ተጽፎ አየሁ። ቀና ብዬ ባየው ልጁ ፊቱን ሳያጨማድድ፣ «እርስዎም ሥቀዋል፤ ዶሮው ግን ተማሪ ስላልሆነ አልጻፍሁትም» አለ። ወረቀቱን አጣጥፌ በኪሴ ከተትሁት። በዚያ ዘመን ስለ ፍትሕ ብዙ ንግግር በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ሰምተናል፤ ተናጋሪውም አድማጩም በሕግ ፊት እኩል እንዲሆን የሠራ ሰው ግን ያ ልጅ ነበር።

አዛውንቱ መምህር ተሽሏቸው በተመለሱ ጊዜ፣ ከልጆቹ አንዱ እናቱ በጨርቅ ቋጥራ የላከችውን የሽምብራ ቆሎ ይዞ መጣ። ቆሎውን በሁለት ከፍሎ አንዱን ለእርሳቸው ሰጠና ሌላውን ለእኔ አምጥቶ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት፤ አሁን እርስዎም ማረፍ ይችላሉ» አለኝ። የመምህሩ መዳን ለእኔም የምሥራች መሆኑን አልተጠራጠረም። አዛውንቱ ይህን ሰምተው፣ የክፍሉ ልጆች በሕመማቸው ጊዜ አልጋቸው ድረስ እየመጡ «አዲሱ ልጅ ጥሩ ነው፤ ገና አልለመደም እንጂ» እያሉ ስለ እኔ ይነግሯቸው እንደ ነበር አጫወቱኝ።

የዩኒቨርሲቲው አገልግሎት እስከ አብዮቱ ዘመን ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ፤ ከሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጀመሪያ በአምስት፣ ኋላም በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተካሄደ። በዚህ ጊዜ አስተማሪው ወጣቱ፣ ተማሪው አያቱ ሆነ። የሚያስደንቀው፣ አረጋውያኑ ከሰሌዳው ፊት በተቀመጡ ጊዜ ንግግራቸው የሕፃናቱን ንግግር መምሰሉ ነው። ከዘመቻው የተመለሰ አንድ ወጣት እንዳጫወተኝ፣ የታመመች ጓደኛውን ተክቶ በአንድ መንደር ማታ ለማስተማር ሲቆም አንዲት ባልቴት «ልጄ፣ እንዲህ አይጀመርም» ብለው ከለከሉት። «የእኛዋ ልጅ ገና ሳትጀምር ላሜ ወለደች ወይ ብላ ትጠይቀኝ ነበር» አሉት። ወጣቱ ላሚቱ ወልዳ እንደ ሆነ ጠየቃቸው፤ ባልቴቲቱም ገና መሆኗን፣ ነገር ግን ጡቷ እንደ ሞላ፣ ሳምንት እንደማታልፍ በሰፊው አስረድተው ሲጨርሱ «በል አሁን ፊደሉን ጻፈው» አሉት።